የጋራ መሣሪያና የጋራ ትምህርት፤ ስለ አውሮፓ የግሪድ ሥልጠና ፖሊሲ የቀረበ ሒስ

መግቢያ

በ2008 ኢ-ኢንፍራስትራክቸር ሪፍሌክሽን ግሩፕ በመባል የሚታወቀው የአውሮፓ አማካሪ ጉባኤ ያቋቋመው የትምህርትና የሥልጠና ቡድን አንድ ሪፖርት አውጥቶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሪፖርቱ የሚመረምረው ጉዳይ ይህ ነው፦ በየአገሩ ተበታትነው የሚገኙትን ኮምፒዩተሮች አያይዞ እንደ አንድ ትልቅ መሣሪያ ማሠራት ከተቻለ ወዲህ፣ በዚህ መሣሪያ የሚጠቀሙትንና መሣሪያውን የሚጠብቁትን ሰዎች ማን ያስተምራቸው? የትና በምንስ ያስተምራቸው? ሪፖርቱ ከወጣ ብዙ ዓመታት ስላለፉ፣ ዛሬ የተጻፈውን ሐሳብ ከተገኘው ውጤት ጋር አስተያይተን ለመመዘን እንችላለን። ይህንንም ለማድረግ ያነሣሣን፣ ያው ጥያቄ በእኛም ኮሌጅ ደጃፍ የሚቆም ስለ ሆነ፣ የቀደሙት ሰዎች የት ላይ እንደ ተሳካላቸውና የት ላይ እንደ ተደናቀፉ አስቀድሞ ማወቅ የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየን ነው።

ሐሳባችንን በቅድሚያ በአጭሩ እናስቀምጥ። ፖሊሲው ትምህርትና ሥልጠና ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በትክክል ተረድቶታል። ነገር ግን ጊዜው፣ ገንዘቡና መለማመጃው የተመደበው ለሥልጠና በሚስማማ ልክ ነበር። ስለዚህም መሣሪያው በተለወጠ ጊዜ የተሰጠው ዕውቀት የሚበዛው ክፍል አብሮት አረጀ።

የነገሩ አመጣጥ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ምሳሌያችን የተሠራጨ የኮምፒዩተር አሠራር ምን እንደ ሆነ ከብዙ ማብራሪያ ይልቅ ይገልጸዋል። አንድ ኮምፒዩተር ብቻውን ሊወጣው የማይችለውን ስሌት ለብዙ ኮምፒዩተሮች አከፋፍሎ ማሠራት ማለት ነው። ኮምፒዩተሮቹ ሁሉ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ቢሆኑ ነገሩ ይቀል ነበር። ችግሩ የሚመጣው አንዱ በጣልያን፣ ሌላው በፖላንድ፣ ሦስተኛው በካናዳ ሲሆንና እያንዳንዱም የራሱ ባለቤት፣ የራሱ ደንብና የራሱ ጠባቂ ሲኖረው ነው።

የዚህ አሠራር ትልቁ ምሳሌ በጄኔቭ አጠገብ የሚገኘው ሰርን የተባለው የፊዚክስ ምርምር ድርጅት የሚጠቀምበት ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ግሪድ ነው። የአቶም ቅንጣቶችን በከፍተኛ ፍጥነት የሚያጋጨው ትልቁ መሣሪያ የመጀመሪያውን ጨረር በመስከረም 2008 ከማዞሩ በፊት፣ ከእርሱ የሚወጣው መረጃ በአንድ ማዕከል ብቻ ሊያዝ እንደማይችል የታወቀ ነበር። ስለዚህ ከ40 በላይ በሆኑ አገሮች የሚገኙ 170 ያህል የኮምፒዩተር ማዕከሎች ተያይዘው ሥራውን እንዲካፈሉ ተደረገ።

ለዚህ ሥራ ሰው የማዘጋጀቱ ጥረትም ቀደም ብሎ ተጀምሯል። የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የግሪድ የክረምት ትምህርት ቤት በ2003 በጣልያን አገር በቪኮ ኤኩዌንሴ ተከፈተ። ከ2004 እስከ 2010 በቆየው ኢጂኢኢ በተባለው የአውሮፓ ፕሮጀክት ውስጥም ሥልጠና ራሱን የቻለ የሥራ ክፍል ሆነ፤ በዚህም የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ትልቅ ድርሻ ነበረው። የጣልያን የኒውክሌር ፊዚክስ ተቋም በ2004 ጊልዳ የተባለውን የመለማመጃ ግሪድ በካታንያ ከተማ አቋቋመ። በ2006 ደግሞ አይስኤጅ የተባለው ፕሮጀክት የግሪድን ትምህርት በልዩ ልዩ አገሮች ለማስፋፋት ሥራውን ጀመረ። የ2008ቱ ሪፖርት እንግዲህ ከባዶ የተነሣ አይደለም፤ የዚህ ሁሉ ልምድ ድምር ነው።

የሪፖርቱ ቁም ነገር

ከሪፖርቱ ሐሳቦች መካከል አራቱ በተለይ ሊነሡ ይገባል።

አንደኛ፣ ሥልጠና አንድን የታወቀ ሥራ ለማሠራት የሚያበቃ አጭር ልምምድ ሲሆን፣ ትምህርት ግን ነገ የሚመጣውን ያልታወቀ ሥራ ለመቀበል የሚያዘጋጅ ረዥም ዝግጅት መሆኑን ለይቶ ያስቀምጣል። ሁለተኛ፣ ተማሪዎች የሚለማመዱበት ራሱን የቻለ የኮምፒዩተር መሣሪያ እንዲኖር ይጠይቃል። ሦስተኛ፣ በአንዱ አገር የተማሩት ኮርስ በሌላው አገር ዩኒቨርሲቲ እንዲታወቅና የማስተማሪያ ጽሑፎችም ከተቋም ወደ ተቋም ያለ ክልከላ እንዲተላለፉ ያሳስባል። አራተኛ፣ ተማሪው ወደ ግሪዱ የሚገባበት የማንነት ማረጋገጫ ጉዳይ መላ እንዲፈለግለት ያመለክታል።

ሁለተኛው ሐሳብ በተለይ ሊመሰገን ይገባል። ተመራማሪዎች በሚሠሩበት ግሪድ ላይ ተማሪን መልቀቅ በሁለት በኩል ይጎዳል። በአንድ በኩል ጀማሪው በስሕተት አንድ ሺህ ሥራ ቢልክ የሌላውን ሰው ምርምር ያደናቅፋል። በሌላ በኩል ደግሞ ሥራ ሲበዛ አንድ ትእዛዝ ለሰዓታት ወረፋ ሊጠብቅ ይችላል፤ የላቦራቶሪው ክፍለ ጊዜ ግን ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ተማሪው የላከው ሥራ ምን እንደ ደረሰበት ሳያይ ደወል ይደወላል። መሳሳት የሚፈቀድበትና መልሱ ቶሎ የሚገኝበት ቦታ ከሌለ፣ ስለ ግሪድ መናገር እንጂ ግሪድን ማስተማር አይቻልም። ጊልዳ ይህን ቦታ በመስጠቱ ለብዙ ሰዎች የመጀመሪያ በር ሆኗል።

የመጀመሪያው ነቀፌታ፤ ስለ ጊዜ ልክ

ነቀፌታችን የሚጀምረው ከዚያው ከበሩ ነው። በዚያን ዘመን ወደ ግሪድ ለመግባት የሚፈልግ ሰው ዲጂታል የምስክር ወረቀት ማውጣት ነበረበት። ይህ ወረቀት እንደ ፓስፖርት ነው። አመልካቹ መታወቂያውን ይዞ በተፈቀደለት መዝጋቢ ፊት ይቀርባል፤ ማንነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ወረቀቱ ይሰጠዋል፤ በዓመቱም ያሳድሰዋል። ከዚህ ሌላ በምርምር ማኅበር ውስጥ በአባልነት መመዝገብ አለበት። ለአንድ ተመራማሪ ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነገር ቢሆንም የሚቻል ነው። 60 ተማሪዎች ላሉት ክፍል ግን ትምህርቱ ሳይጀመር ወሩ ያልቃል።

ጊልዳ ይህን ችግር ለማቃለል ለማንኛውም ተለማማጅ ለ14 ቀን የሚያገለግል የምስክር ወረቀት ይሰጥ ነበር። የተባረከ መፍትሔ ነው፤ ሆኖም ቁጥሩን ልብ ብለን እንመልከተው። 14 ቀን ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ይበቃል፤ ይተርፋልም። አንድ የዩኒቨርሲቲ መንፈቅ ግን 16 ሳምንት ያህል ነው። ኮርሱን በመንፈቅ ዓመት የሚሰጥ መምህር ተማሪዎቹን በየሁለት ሳምንቱ እንደ ገና ሊያስመዘግብ ነው ማለት ነው። ሪፖርቱ ስለ ትምህርት ከጻፈው ብዙ ገጽ ይልቅ ይህ የ14 ቀን ወረቀት የፖሊሲውን እውነተኛ ፊት ያሳየናል። በሩ የተሠራው ለሚያልፍ ሰው እንጂ ለሚቀመጥ ሰው አልነበረም።

የገንዘቡም አመዳደብ ከዚህ የተለየ አይደለም። ኢጂኢኢ የቆየው ስድስት ዓመት ቢሆንም፣ የተሠራው እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ዓመት በሆኑ ሦስት ክፍሎች ነበር። በመጀመሪያው ክፍል መግቢያ ላይ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ዲግሪውን ሳይጨርስ ያ ክፍል ይዘጋል። አንድ አዲስ ኮርስ በሥርዓተ ትምህርት ውስጥ እስኪገባ የትምህርት ክፍሉ፣ ፋኩልቲውና ሴኔቱ ተራ በተራ መምከር አለባቸው፤ ይህም ብቻውን ሁለት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ታዲያ በሁለት ዓመት ውስጥ ውጤቱን ማሳየት ያለበት ፕሮጀክት የሚመርጠው ግልጽ ነው፤ የሦስት ቀን ሥልጠና ያዘጋጅና የተገኘውን ሰው ቆጥሮ ያቀርባል። የተሰብሳቢ ቁጥር ለሪፖርት ይመቻል። ከሦስት ዓመት በኋላ ከተሰብሳቢዎቹ መካከል ስንቱ በሥራው ላይ እንዳለ ግን ከዚያ ቁጥር ማወቅ አይቻልም።

ሁለተኛው ነቀፌታ፤ ስለሚያረጀውና ስለማያረጀው ዕውቀት

በእነዚያ ሥልጠናዎች ይሰጥ የነበረው ትምህርት በአመዛኙ ጂላይት የተባለውን ሶፍትዌር የሚመለከት ነበር፤ ሥራ እንዴት እንደሚላክ፣ ፋይል እንዴት እንደሚመዘገብ፣ ውጤት እንዴት እንደሚመለስ በየትእዛዙ ይጠና ነበር። ከ2010 በኋላ ግን የሶፍትዌሩ እንክብካቤ ወደ ሌላ ፕሮጀክት ተላለፈ። ብዙ ግሪዶች የተመሠረቱበት ግሎበስ ቱልኪት የተባለው ሶፍትዌር በ2018 የሠሪዎቹ ድጋፍ ተቋረጠበት። አማዞን በ2006 ኮምፒዩተርን በሰዓት ማከራየት ከጀመረ ወዲህ የክላውድ አሠራር ተስፋፋ፤ በ2013 ዶከር፣ በ2014 ኩበርኔቲስ ተከተሉ። ያ ሁሉ የምስክር ወረቀት ድካም እንኳ ቶከን ለሚባለው ቀለል ያለ ማረጋገጫ ቦታውን እየለቀቀ ነው። የትእዛዞቹን ዝርዝር ብቻ ያጠና ሰው በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ እጁን ባዶ ሆኖ አገኘው።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ነገር እናነጻጽር። ሌስሊ ላምፖርት በ1978 ባወጣው ጽሑፍ፣ በተለያየ ቦታ ያሉ ኮምፒዩተሮች አንድ የጋራ ሰዓት ሳይኖራቸው የነገሮችን ቅደም ተከተል እንዴት ሊስማሙበት እንደሚችሉ አስረድቷል። ይህ ጽሑፍ ከጂላይትም፣ ከግሎበስም በፊት የተጻፈ ነው፤ ሁለቱም ካለፉ በኋላ ግን ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው ይነበባል። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። ሰዓት አለመጋጠሙ፣ መልእክት መዘግየቱ፣ አንዱ ኮምፒዩተር ሲሞት ሌላው ሳያውቅ መቅረቱ፣ የማያውቁትን ሰው እስከ ምን ድረስ ማመን እንደሚገባ መወሰኑ፣ በግሪድም በክላውድም ያው ናቸው። ይህን ያወቀ ተማሪ አዲስ ሶፍትዌር ሲመጣ የሚማረው አዲስ ስም ነው፤ ችግሩን ግን አስቀድሞ ያውቀዋል።

በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ተገቢ መከራከሪያ አለ። ተመራማሪው ውጤቱን የሚፈልገው ዛሬ ነው፤ የአራት ዓመት ትምህርት ጠብቅ ቢሉት መሣሪያው ሥራ ፈትቶ ይከርማል፤ ስለዚህ አጭር ሥልጠና ግዴታ ነው ይባላል። እኛም እናምንበታለን። ሥልጠና ይቅር አላልንም። የምንለው ሥልጠና ቅርንጫፍ፣ ትምህርት ግንድ ይሁን ነው። ግንድ የሌለው ቅርንጫፍ በየዓመቱ ከውጭ መጥቶ የሚተከል ይሆናል፤ በየዓመቱም ይደርቃል።

ሌሎች ያደረጉት

ከአውሮፓው አሠራር ጋር ለማስተያየት የሚረዱ ሦስት ምሳሌዎች እናቅርብ። ሁለቱ ከገዛ ክፍለ ዓለማችን የተገኙ ናቸው።

አንደኛው ሶፍትዌር ካርፐንትሪ ነው። በ1998 በአሜሪካ በሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ ተጀምሮ፣ በኋላም በማኅበር ተደራጅቶ፣ ለሳይንስ ሰዎች መሠረታዊ የኮምፒዩተር ሙያ ያስተምራል። ትምህርቱ ሁለት ቀን ብቻ በመሆኑ እርሱም ከላይ ያልነው ነቀፌታ አይቀርለትም። ነገር ግን ሁለት ብልሃት አለው። የትምህርቱ ጽሑፍ ማንም እንዲወስደው፣ እንዲያርመውና እንዲያባዛው በነፃ ፈቃድ ይወጣል፤ ከተማሪዎቹም ሌላ አስተማሪዎችን ያሠለጥናል። የ2008ቱ ሪፖርት በምኞት የጻፈው የጽሑፍ ልውውጥ በዚህ በተግባር ታይቷል።

ሁለተኛው ኤች-ስሪ-ኤ-ባዮኔት የተባለው የአፍሪካ የባዮኢንፎርማቲክስ መረብ በ2016 ያካሄደው ኮርስ ነው። 364 ተማሪዎች በ10 አገሮች በሚገኙ 20 የመማሪያ ክፍሎች ተሰብስበው ለሦስት ወር፣ በሳምንት ሁለት ቀን ተምረዋል። ትምህርቱ ከሩቅ ይመጣል፤ በየክፍሉ ግን ተማሪው ሲሳሳት አጠገቡ ቆሞ የሚያየው የአገሩ ረዳት መምህር አለ። የዚህ ዘዴ ጥቅም ከኮርሱም ያልፋል። ኮርሱ ሲያልቅ ረዳት መምህሩ እዚያው ይቀራል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ከበፊቱ የተሻለ መምህር ይሆናል።

ሦስተኛው የደቡብ አፍሪካው የከፍተኛ ኮምፒዩተር ማዕከል ነው። ሬንጀር የተባለው የቴክሳስ ግዙፍ ኮምፒዩተር 62,976 የማስሊያ ኮሮች ነበሩት። ከ2008 እስከ 2013 አገልግሎ ጡረታ ሲወጣ፣ ከእርሱ የተነቀሉ ክፍሎች ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ወደ ቦትስዋናና ወደ ታንዛኒያ ተላኩ። ያረጀ ዕቃ ተሰጠን ብሎ የሚያዝን ይኖር ይሆናል። ለማስተማር ግን ያረጀ መሣሪያ አንድ ትልቅ ጸጋ አለው፤ ተማሪው ሊፈታው፣ ሊያበላሸውና መልሶ ሊገጥመው አይፈራም።

ይኸው ማዕከል የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን እያወዳደረ መርጦ ወደ ጀርመን አገር ወደሚካሄደው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ውድድር ይልካል። በዚያ ውድድር እያንዳንዱ ቡድን የራሱን የኮምፒዩተር ስብስብ ራሱ አቅዶ ይሠራል፤ የደቡብ አፍሪካ ተማሪዎች ባሸነፉባቸው ዓመታት የሚጠቀምበት የኤሌክትሪክ ኃይል ከ3,000 ዋት እንዲያልፍ አይፈቀድለትም ነበር። ስለዚህ የትኛው ኮምፒዩተር ይብራ፣ የትኛው ይጥፋ የሚለውን ተማሪው ራሱ ይወስናል። የደቡብ አፍሪካ ተማሪዎች ይህን ውድድር በ2013፣ በ2014፣ በ2016ና በ2019 አሸንፈዋል። ያሸነፉትም ከእነርሱ የበለጠ ሀብት ካላቸው አገሮች ተማሪዎች ጋር ተወዳድረው ነው። በእኛ አስተያየት ይህን ያስገኘላቸው የመሣሪያ ብዛት ሊሆን አይችልም፤ በመሣሪያው ላይ ውሳኔ የመስጠት መብት ለተማሪው መሰጠቱ ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ

በአገራችን የኢትዮጵያ የትምህርትና የምርምር ኔትወርክ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን እርስ በርሳቸው ለማገናኘት ተቋቁሟል፤ የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካን መሰል ኔትወርኮች የሚያስተሳስረው የኡቡንቱኔት ኅብረት አባልም ነው። መንገዱ ተጀምሯል ማለት ነው። የጋራ መሣሪያም አንድ ቀን በዚህ መንገድ ወደ እኛ ይመጣል፤ ከእርሱም ጋር የሦስት ቀን ሥልጠና ይመጣል። ጥያቄው በዚያን ጊዜ በገዛ ቤታችን እንግዳ ሆነን እንቀመጣለን ወይስ እንደ ባለቤት እንቀበላለን የሚለው ነው። ባለቤት ለመሆን ትልቅ ገንዘብ እስኪመጣ መጠበቅ እንደማያስፈልግ ለማሳየት ጥቂት ሐሳቦች እናቅርብ።

ስለ ተሠራጩ ሥርዓቶች የሚሰጠው ኮርስ በመጀመሪያ ዲግሪ የኮምፒዩተር ሳይንስ ትምህርት ውስጥ አለ። ይህ ኮርስ በሰሌዳና በመጽሐፍ ብቻ ከተሰጠ ግን ሳይዋኙ ስለ ዋና እንደ መማር ነው። ኤችቲኮንዶር የተባለው ሶፍትዌር በአሜሪካ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ከ1988 ጀምሮ የተሠራ፣ በነፃ የሚገኝ፣ ሥራ የፈቱ ኮምፒዩተሮችን ሰብስቦ የሚያሠራ መሣሪያ ነው። 40 ኮምፒዩተር ያለው አንድ ላቦራቶሪ ሌሊቱን 12 ሰዓት ተዘግቶ ቢያድር 480 የኮምፒዩተር ሰዓት በከንቱ ያልፋል። ይህን ሰዓት ሰብስቦ ለግብርናው፣ ለሕክምናውና ለአየር ጠባይ ጥናቱ ክፍል ማበርከት ለተማሪው ከማንኛውም የቤት ሥራ የበለጠ ትምህርት ነው። በጭነቱ መካከል መብራት ቢጠፋም አይክፋው። የተሠራጨ አሠራር ከመሠረቱ የታሰበው አንዱ አካል እንደሚወድቅ ታውቆ ነው፤ የተቋረጠው ሥራ እንደ ገና ወደ ወረፋው ሲመለስና ሲፈጸም በዓይኑ ያየ ተማሪ፣ በመጽሐፍ ውስጥ ስለ ውድቀት መቻል የተጻፈውን ምዕራፍ ያለ አስተርጓሚ ያነበዋል።

ከዚህ ጋር ሦስት ነገሮች እንዲታሰቡ እንጠይቃለን። በመጀመሪያ፣ የተማሪው መግቢያ ፈቃድ ቢያንስ ለመንፈቅ ዓመቱ በሙሉ የሚያገለግል ይሁን። ከ2011 ጀምሮ ኤዱጌን የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት አንድ ተማሪ በዩኒቨርሲቲው መለያ ስም ብቻ በሌላ አገር ያለውን አገልግሎት እንዲጠቀም መንገድ ስለ ከፈተ፣ የ14 ቀኑን ወረቀት ዘመን ዛሬ መድገም አያስፈልግም። ቀጥሎም፣ ላቦራቶሪውን የሚጠብቀው ቴክኒሻን እንደ ቁልፍ ያዥ ሳይሆን እንደ ማስተማሪያው አካል ይቆጠር፤ የሥራ መደቡና የደመወዙ እድገትም ይታሰብለት። በደኅና የተማረ ቴክኒሻን ደመወዝ አንሶት ሲሄድ መሣሪያው አብሮት የሄደ ያህል ነውና። በመጨረሻም፣ ፈተናው ይለወጥ። ተማሪውን የግሪድን ትርጉም ጻፍ ከማለት ይልቅ አንዱ ኮምፒዩተር የማይመልስበትን፣ የሌላው ሰዓት የዘገየበትን ስብስብ ሰጥቶ «ምን እንደ ደረሰበት መርምረህ አስረዳ» ማለት ይሻላል።

መደምደሚያ

የ2008ቱ ሪፖርት ጸሐፊዎች ጥያቄውን በትክክል በማንሣታቸው ሊመሰገኑ ይገባል። የጎደለው ከሐሳቡ አይደለም፤ ሐሳቡን ወደ ሥራ ካወረዱት ሦስት መለኪያዎች፣ ይኸውም ከሁለት ዓመቱ በጀት፣ ከ14 ቀኑ ፈቃድና ከተሰብሳቢው ቆጠራ ነው። ፖሊሲ የሚነበበው በመግቢያው ላይ በተጻፈው ዓላማ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን፤ በሰነዱ ውስጥ ባሉት ቀኖችና ቁጥሮችም ይነበባል። ወደፊት ለዩኒቨርሲቲያችን የጋራ ኮምፒዩተርና ሥልጠና የሚያመጣ ማንኛውም ውል ሲቀርብ፣ የትምህርት ክፍሎቻችን ከመፈረማቸው በፊት አሠልጣኞቹ ከሄዱ በኋላ በሚመጣው መስከረም ኮርሱን የሚያስተምረው ማን እንደ ሆነ፣ ተማሪውም በየትኛው ኮምፒዩተር ላይ እንደሚለማመድ በስምና በቁጥር ተጽፎ እንዲያዩ እናሳስባለን። ያ ካልተጻፈ፣ የሚፈረመው ውል ለመሣሪያው እንጂ ለትምህርቱ አይደለም።